የተቀየረችው «ለ»

ታቢታ ዳንጊሶን የሚያውቋት ሁሉ ፈሪ ነበረች ይላሉ፤ እሷም አትክድም። የተወለደችው ቡሹሎ ነው። አባቷ እንሰት የሚያለማ፣ አልፎ አልፎም በተውሶ ታንኳ ሐይቅ የሚወርድ ሰው ነበር። ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ከሲዳምኛ ሌላ አትናገርም ነበር። አማርኛን የተማረችው በአለንጋ ስለሆነ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት ስትጠነቀቅ አደገች፤ ያ ጥንቃቄ ኋላ እንጀራ ሆናት። ይርጋለም ሄዳ ስድስት ወር ታይፕ ተማረች፤ በሃያ ዓመቷ አዋሳ መጥታ ለገበሬ ማኅበራት ዘርና ማዳበሪያ በሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ተቀጠረች።

ይህ ታሪክ የደረሰባት በ1976 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ መሃል ከተማ አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ቀድማ ደርሳ ከኋላ ትቀመጣለች። ላንድሮቨር በሠፈሩ ሲያልፍ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ትታ እስኪርቅ ታዳምጣለች። እንዲህ ያለች ሰው አንድ ነገር ብቻ ደፍራ ሠራች፤ እሱንም እምቢ ማለት ስላፈረች ነው።

ጸሎት ቤታቸው በደርግ ከታሸገ ዓመት አልፎት ነበር። ምእመናኑ አምስትና ስድስት እየሆኑ በየሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ የመዝሙር መጽሐፍ ግን አንድ ብቻ ነው የቀራቸው። በቡሹሎ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰር ሆነው ያረጁት ጋሽ ሙሴ፣ አንድ ቀን በር ላይ አስቁመው «ልጄ፣ ታይፕ እጅሽ ላይ ናት። ጥቂት መዝሙር ብትመችልን?» አሏት። እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ቃል ግን «እሺ» ሆነ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ጭር ሲል፣ በካርቦን አምስት አምስት ቅጂ እያደረገች አሥራ አራት መዝሙሮች መታች። እያንዳንዷን ወረቀት ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ ታወጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላላትም፤ ረሳችው ማለት ይቻላል።

ያ የመሥሪያ ቤት ታይፕ አንድ ጉድለት ነበረበት። «ለ» የምትባለው ፊደል ግራ እግሯ ጫፉ ላይ ተሸርፏል። በአማርኛ ታይፕ ሉም ሊም ሌም ከዚያችው ከለ ላይ ምልክት እየተጨመረ ስለሚሠሩ፣ ታቢታ የምትመታው ደብዳቤ ሁሉ በእነዚህ ፊደሎች ላይ አንካሳ ነበር። ሌላ ሰው ልብ አይለውም። እሷ ግን ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች።

ጥር ወር ላይ የታይፑ ሮለር፣ ወረቀቱን የሚያዞረው ጎማ፣ ወረቀት አልይዝ አለ። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ሽበሺ የታይፕ መኪናዋን አስጭነው መሃል ከተማ ወደሚገኘው ወደ ኩማ ጥገና ቤት ላኳት። በከተማው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያሉትን ታይፖች ከሞላ ጎደል የሚጠግነው ይህ ኩማ የሚባል፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነበር።

መኪናዋ ጥገና ቤት ሳለች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ሙሴ ቤት በደኅንነት ሰዎች ተከበበ። አምስት ሰዎች እየዘመሩ ተገኙ። አራቱን አስፈራርተው ለቀቋቸው፤ ጋሽ ሙሴን ወሰዷቸው። የመዝሙሩን ወረቀትም ወሰዱ። ወሬውን ለታቢታ ያደረሰችላት ከተለቀቁት አንዷ ናት። «ወረቀቱን እያገላበጡ ‹ይቺ የመንግሥት ታይፕ ናት፤ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመታው?› ሲሉ ነበር» አለቻት። «ጋሽ ሙሴ ግን ዝም አሉ።»

ታቢታ እስከ ረቡዕ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው በደንብ አታስታውስም። ቢሮ ውስጥ ኮቴ በሰማች ቁጥር መሳቢያዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ለምን እንደምትከፍተው ግን አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር፤ አንዲት ታይፕ ከሌላዋ በምን ትለያለች? በከተማው ስንትና ስንት ታይፕ አለ። ደግሞ ወዲያው የ«ለ» ግራ እግር ይታወሳታል።

ረቡዕ ጠዋት መኪናዋ ተመለሰች። ታቢታ ወረቀት ከታ የቀን ሥራዋን ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ እጇ ቆመ። «ለ» ሙሉ ሆናለች። ሁለቱም እግሮቿ ልክ ናቸው፣ ቀጥ ብለዋል። ደጋግማ መታቻት። ለ፣ ለ፣ ለ። ሽራፊ የለም።

ከመሣሪያው ጋር የመጣውን ደረሰኝ አነበበች። «ሮለር በአዲስ ተቀይሯል፤ ጽዳትና ዘይት» ይላል። ስለ ፊደል የሚል የለም። ሮለሩን በጣቷ ዳሰሰችው። አዲስ የተባለው እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ የሌላ ሰው ታይፕ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ አሮጌ ጎማ ነው። የእሷው ይሻል ነበር።

የሮለሩ ነገር ሌላ ጊዜ ቢሆን ያናድዳት ነበር። አሁን ግን ሐሳቧ ፊደሏ ላይ ብቻ ነው። አንድ ጠጋኝ ያልታዘዘውን ፊደል አውልቆ፣ ሌላ በይዶ፣ ደረሰኙ ላይ ሳይጽፍ ለምን ይመልሳል? የመጣላት መልስ አንድ ብቻ ነው። ያቺ የተሸረፈች ፊደል ተወስዳለች። አንድ ሰው መጥቶ ለኩማ «አውጣና ስጠኝ» ብሎታል። አሁን የሆነ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ ከመዝሙሩ ወረቀት ጎን ተቀምጣለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ዕድሜ ልኳን ስታስበው ያማታል። አራት ሰዓት ሲሆን አቶ ሽበሺ የመታችላቸውን ደብዳቤ ይዘው ጠረጴዛዋ አጠገብ መጡ።

«ታቢታ፣ ይሄ ምንድን ነው? መስመሩ ሁሉ ጠሟል። ተጠግኖ የለም እንዴ?»

«ሮለሩ ነው፣ አቶ ሽበሺ። አሮጌ ነው የገባበት።»

«አሮጌ?» ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። አቶ ሽበሺ ቀጭን፣ ከጎንደር በዝውውር የመጡ፣ ቁጡ ያልሆኑ ግን ለመንግሥት ንብረት የሚንገበገቡ ሰው ነበሩ። «ስለዚህ ሰውዬ ከሌላ መሥሪያ ቤትም ሰምቻለሁ። ደኅናውን ነቅሎ የሞተ ይተካል። ሌላስ ምን ነክቷል?»

«ምንም» ልትል ነበር። ግን ምናልባት ያውቁ እንደሆነስ? ሊፈትኗት ቢሆንስ? ደበቀች ከምትባል ተናግራ ብትገላገል የሚሻላት መሰላት።

«ፊደልም ቀይሯል» አለች። «ለን።»

«ደረሰኙ ላይ አለ?»

«የለም።»

አቶ ሽበሺ ወንበር ስበው ተቀመጡና እዚያው ደብዳቤ ይነግሯት ጀመር። ለኩማ ጥገና ቤት። ከመሣሪያችን ላይ ያለ ፈቃድ ተነቅለው የተቀየሩት ሮለርና «ለ» ፊደል በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመለሱ፤ ካልሆነ በሕግ እንደምንጠይቅ እናስታውቃለን። ግልባጭ፣ ለሠርቶ አደር ቁጥጥር ኮሚቴ። ታቢታ ቃሉን ሁሉ መታችው። ጣቷ ለ ላይ ባረፈ ቁጥር የታመመ ጥርስ የነካች ያህል ይሰማት ነበር።

ፈረሙ። ዋናውን ለጥገና ቤቱ፣ ግልባጩን የመንግሥት ንብረት ለሚቆጣጠረው ለዚያ ኮሚቴ የሚያደርሰው በብስክሌት የሚሄደው ተላላኪ አሰፋ ነው፤ የሚወጣው ከምሳ በፊት ነው። ታቢታ ዋናውን ከፖስታ ማስቀመጫው አነሳችና «እኔ በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ፣ አደርሰዋለሁ» አለች። ማወቅ ፈለገች። ፊደሏን ማን እንደወሰዳት ከኩማ ዓይን ላይ አነባለሁ ብላ አሰበች።

ጥገና ቤቱ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖችና ታይፖች ተደርድረዋል። ኩማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዲት ሞላ በመቆንጠጫ እያጠበቀ ነበር። ደብዳቤውን ተቀብሎ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ሄዶ የበሩን አንድ ክንፍ ዘጋ።

«ይህን ማነው የጻፈው?»

«አቶ ሽበሺ ናቸው። የመታሁት እኔ ነኝ።»

«የመታሽው አንቺ ነሽ» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። «ያ ታይፕ ሌላ ሰው ይመታበታል?»

«የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

ኩማ መነጽሩን አወረደና ትክ ብሎ አያት። «እንግዲያውስ አንቺ ነሻ።»

ታቢታ አጠገቧ ያለውን ጠረጴዛ ያዘች። «ምኑን?» አለች።

«ስሚኝ እህቴ። ዛሬ ረቡዕ አይደል? ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች እዚህ መጡ። ወረቀት አወጡ፤ መዝሙር ነው። ‹የከተማውን ታይፕ ሁሉ የምትጠግን አንተ ነህ። ይቺ እግሯ የተሰበረ ለ የማን መኪና ናት?› አሉኝ። መኪናዋ እኮ እዚህ ነበረች። እዚያ ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ተሸፍና። ሰዎቹ ከጎኗ ቆመው ነው የሚያናግሩኝ።»

«እርስዎ ምን አሏቸው?»

«አላውቃትም አልኩ። ለምን እንዳልኩ እንጃ። ደንግጬ ነው። አንዴ አላውቅም ካልኩ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። ነገ በየቢሮው ዞረው ናሙና ሲወስዱ ያገኟታል፤ ‹ይቺን ትናንት ጠግነሃታል፣ ዋሽተኸናል› ይሉኛል። ስለዚህ በሩን ዘግቼ ፊደሏን አወለቅኩ፤ ከወዳደቀ ታይፕ ደኅና ለ አውጥቼ በየድኩ። የድሮዋን በሞረድ ፈጭቼ አጠፋኋት።» ደብዳቤውን አነሳ። «አሁን ይህን ኮሚቴው ሲያየው ‹የተነቀለችው ለ የት አለች?› ብሎ ይጠይቀኛል። ከዚያ ወዲያ እኔም አንቺም አለቀልን።»

ታቢታ እንባዋ መጣ። «እኔ እኮ ነቅለው ለእነሱ የሰጡብኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

ኩማ ወደ መደርደሪያው ዞር አለ። «ሮለሩን ሰርቄያለሁ» አለ። «እሱን አልዋሽሽም። ያንቺ ጥሩ ጎማ ነበር፤ ትንሽ ማሻሸት ብቻ ነበር የጎደለው። አሻሽቼ ለሌላ ቢሮ አዲስ ነው ብዬ ገጠምኩት። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ፊደሏን ግን ለማንም አልሰጠሁም።»

«ግልባጩ» አለች ታቢታ በድንገት። «ግልባጩ ቢሮ ነው። አሰፋ ይዞት ሊወጣ ነው።»

«እንግዲያስ ሩጪ። የሮለሩን ተዉት፤ በእሱ ይክሰሱኝ። ሁሉንም ከሰረዝሽው ‹ለምን ተሰረዘ› ይላሉ። ፊደሏን ብቻ አውጪልኝ፤ ይህንን እኔ አቃጥለዋለሁ።»

ሰው መንገድ ላይ የምትሮጥ ሴት ካየ ይጠይቃል ብላ ፈራች። ስለዚህ አልሮጠችም፤ እግሯ እየተወላከፈ በጣም ፈጥና ተራመደች። የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ አሰፋ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጎማ እየነፋ ነበር። ቦርሳው መቀመጫው ላይ ታስሯል።

«ወንድም አሰፋ፣ የቁጥጥር ኮሚቴው ፖስታ ወጥቷል?»

«እዚህ አለ። ምነው?»

«የደብዳቤ ቁጥሩን ተሳስቻለሁ። አቶ ሽበሺ ሳያዩት ላርመው።»

አሰፋ ሳቅ ብሎ አወጣላት። «አንቺም ትሳሳቻለሽ እንዴ?»

ቢሮ ገብታ በሩን ሳትዘጋ ተቀመጠች፤ የተዘጋ በር ያስጠረጥራል። ደብዳቤውን ከአርእስቱ ጀምራ እንደገና መታች። «የተቀየረው ሮለር» አለች፤ «ለ ፊደል» የሚለውን ዘለለች። ሦስት ወረቀት አበላሸች። አራተኛውን ይዛ አቶ ሽበሺ ዘንድ ገባች።

«አቶ ሽበሺ፣ ይቅርታ። ደብዳቤውን አስተካክዬዋለሁ፤ እንደገና ቢፈርሙልኝ።»

አነበቡ። ቀና ሳይሉ «ፊደሉስ?» አሉ።

«ተሳስቼ ነው። ቀለም ጠጥታ የተበላሸች መስላኝ ነበር። ሲያጸዳት ነው የተስተካከለችው።»

«ቀይሯል ብለሽኝ አልነበረም?»

«መስሎኝ ነው።»

አቶ ሽበሺ ቀና ብለው አዩዋት። ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አንድም ቀን ተሳስቼ ነው ብላቸው አታውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ የፈረሙት ደብዳቤ ሁሉ ያች አንካሳ ለ ነበረችበት። አይተዋት ያውቁ ይሆን? ታቢታ እስከ ዛሬ መልሱን አታውቅም። ብዕራቸውን አነሡ፤ ፈረሙ። «የፊተኛውን ቅደጅው» አሉ። «ተበታትኖ እንዳይገኝ።» የፊተኛውን ቀደደችና አዲሱን ለአሰፋ መለሰችለት።

ዓርብ ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ የተፈራው መጣ። አንድ ጠይም፣ ጃኬት የለበሰ ሰው ከአቶ ሽበሺ ጋር ገብቶ «ጓዲት፣ የታይፕ ናሙና እንፈልጋለን» አላት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋ። የራሷን መዝሙር አየችው። ጋሽ ሙሴ ሲይዙት የኖሩበት እጥፋት እንኳ አለበት።

«ይህን ሦስት መስመር ምቺልኝ» አለ፤ በጣቱ እያሳየ። ለ የበዛበትን ቦታ መርጧል።

መታችው። ሮለሩ ጠጣር ስለሆነ ወረቀቱ ይንሸራተታል፤ መስመሩ ይጠማል። እጇ መንቀጥቀጡን ሮለሩ ሸፈነላት። ሰውየው ወረቀቱን መንጭቆ አወጣና ወደ መስኮቱ ዞሮ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘ። ብዙ ቆየ።

ታቢታ የምታየው እሱን አልነበረም። የምታየው ጀርባውን ያስደገፈበትን መደርደሪያ ነው። እዚያ ላይ የሰባት ዓመት የወጪ ደብዳቤ ፋይሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ገጽ የእሷ ነው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያቺ እግረ ሰባራ ለ አለች። ፊደሏ ትቀየር እንጂ ወረቀቱ አልተቀየረም። ይህን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሷም ኩማም አላሰቡትም። ሰውየው እጁን ወደ ኋላ ቢሰድ፣ አንዱን ብቻ ቢገልጥ ይበቃዋል። ጸሎት እንኳ አልመጣላትም፤ በሲዳምኛ እናቷን ብቻ እየጠራች ነበር፣ በልቧ።

«ይህ መኪና ሁሌም እንዲህ ያጣምማል?» አለ ሰውየው።

አቶ ሽበሺ ቀደሙ። «ጠጋኙ ነው ያበላሸው። አሮጌ ሮለር ገጥሞብን ለቁጥጥር ኮሚቴ ከሰናል። ደብዳቤው አለ፣ ላሳይዎት?»

«አያስፈልግም።» ሰውየው ሁለቱን ወረቀት አጣጠፈ። «‹ለ›ዋ አንድ አይደለችም» አለና ወጣ።

የላንድሮቨሩ ድምፅ እስኪጠፋ ታቢታ ከወንበሯ አልተነሣችም። አቶ ሽበሺ የምሳ ሰዓት ገና ሳይደርስ ወደ ቤቷ ሰደዷት።

ጋሽ ሙሴ ከአራት ወር በኋላ ተፈቱ። ጥርሳቸው ጎድሎ፣ አንድ እግራቸው አልታጠፍ ብሎ ወጡ። መዝሙሩን በታይፕ ማን እንደመታው አልተናገሩም። ታቢታ ልትጠይቃቸው ስትሄድ «ደኅና ነሽ?» ብቻ አሏት፤ ይቅርታ እንድትጠይቃቸው አልፈቀዱም። የቀሩትን ቅጂዎች ከየቤቱ ሰብስባ አቃጠለች። አንዲት አሮጊት ብቻ «በእጄ ይዤው እሞታለሁ እንጂ አልሰጥሽም» ብለው ስለመለሷት፣ ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያስጨንቃት ኖረ።

ኩማ በሮለሩ ተቀጣ። ሱቁ ለሦስት ወር ታሸገ፤ ለሌላ መሥሪያ ቤት የሸጠውም ዕቃ ተያዘበት። በየስብሰባው ስሙ እየተነሣ «ብዝበዛ» ተብሎ ተወገዘ። ታቢታም ከተሰብሳቢው ጋር እጇን አውጥታ ደግፋለች። እጇን ስታወጣ ያያት እንደሆነ ብላ ወደ እሱ አልዞረችም። ሱቁ ሲከፈት ደንበኛው ሸሽቶት ነበር፤ ወደ ሻሸመኔ ሄደ።

እሷ ታይፒስት ሆና ቆየች። አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች። ከዚያ ወዲያ የመዝሙር ቃል በመንግሥት ወረቀት ላይ አላሳረፈችም፤ ጋሽ ሙሴ ሲያስፈልጋቸው በእጇ ትጽፍላቸው ነበር፣ ያውም ጽሕፈቷን ቀይራ፣ በግራ እጇ። በር ሲንኳኳ መደንገጡ ግን አልተዋትም። ልጆቿ ይስቁባት ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ጸሎት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዛ ወርዳ ኩማን አገኘችው። ፀጉሩ ሸብቷል። ቆመው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ሻሸመኔ ጠየቀችው። ስምንት ዓመት ሙሉ ያፈነችው ጥያቄ ነበረ፤ ከዓሣ አጥማጆቹ ጫጫታ መሃል ጠየቀችው።

«ጋሽ ኩማ፣ ያን ሰኞ ቢመቱዎት ኖሮ መኪናዋን ያሳዩዋቸው ነበር?»

ኩማ ወደ ሐይቁ አየ። ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር።

«አሳያቸው ነበር» አላት። «ከሁለተኛው ጥፊ አላልፍም።»

ታቢታ አልተቀየመችውም። «እኔም እንደዚያው» አለችው። ከዚያ አብረው ወደ ዓሣው ሄዱ።